ጥቆማ፦ ጅማቱ ለተጎዳ ፈረስ የቱ ሕክምና ይሻላል?

ወንድሜ፣ እንደ ነገርከን የጋሪ ፈረስህ የፊት እግር ከጉልበቱ በታች በኋላ በኩል አብጦ የሚያተኩስ ከሆነ የተጎዳው ጅማቱ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በፊት የምለምንህ፣ በጋለ ብረት እንዳታስተኩሰው። የአባቴ ፈረስ ሲያነክስ ተተኩሶ ነበር። ቁስሉ አመርቅዞ ክረምቱን ሙሉ ዝንብ ስንከላከልለት ከረምን፤ ማነከሱ ግን አልተወውም። እንግሊዞችም ፈረስ ይተኩሱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የራሳቸው ጥናት ግን መተኮስ ጅማት እንደማያድን አሳየ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀዝቃዛ ውሃ አፍስስበት፣ 20 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራቴ። ከዚያ ወፍራም ጥጥ አድርገህ በፋሻ ጠቅልለው። ለቢሾፍቱ ቅርብ ከሆንክ እኔ የምመርጠው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው። ጅማቱን በአልትራሳውንድ ያዩልህ እንደሆነ ጠይቅ። ሳይታይ ጅማቱ ውስጥ መርፌ አታስወጋ፤ በተለይ እንደ ዴክሳሜታሶን ያለ ስቴሮይድ ሕመሙን ያስታግስና ጅማቱን ያደክመዋል።

ስለ ፒአርፒና ስለ ስቴም ሴል ጠይቀሃል። ፒአርፒ ከራሱ ከፈረሱ አንገት ደም ተቀድቶ፣ በማሽን ተሽከርክሮ፣ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ቅንጣት) የበዛበት ክፍል ተለይቶ የተጎዳው ቦታ ላይ የሚወጋ ነው። በአንድ ቀን ያልቃል። ስቴም ሴል (ተራብቶ ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ የሚችል ሕዋስ) ግን ከደረት አጥንቱ መቅኔ ተወስዶ ላብራቶሪ ውስጥ ለሳምንታት መራባት አለበት፤ ውድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በማስረጃ ካየነው ስቴም ሴል ይበልጣል፦ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት 113 የእሽቅድምድም ፈረሶችን ተከታትሎ ጉዳቱ ያገረሸባቸው 27 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አገኘ፤ ቀድሞ በሌላ መንገድ ከታከሙት ከግማሽ በላይ ያገረሽባቸው ነበር። በፒአርፒ ላይ የተሠሩት ጥናቶች ግን እርስ በርስ አይስማሙም።

ለጋሪ ፈረስ ግን ሁለቱንም አልመክርህም። የትኛውንም ብታሠራ ጅማቱ እስኪጠና ከ9 እስከ 12 ወር ይፈልጋል፣ መርፌው ይህን አያሳጥርልህም። ለመርፌ ያሰብከውን ብር ለድርቆሽና ለፉርሽካ አውለው፣ ፈረሱም ይረፍ። ሐኪሙ ሲፈቅድልህ በቀን 10 ደቂቃ በእጅህ እየሳብክ ማራመድ ትጀምራለህ፤ ከዚያ ቀስ እያልክ ትጨምራለህ። ጋሪው የዕለት እንጀራህ መሆኑ ይገባኛል። ቢሆንም እብጠቱ ስለጎደለ ብቻ መልሰህ አትጥመደው፤ ብዙ ፈረስ ለዘለቄታው የሚሰናከለው ያኔ ነው።

የምትኖርበትን ከተማና ፈረሱ ከተጎዳ ስንት ቀን እንደሆነው ጻፍልኝ።