የነዳጅ ሞዴል አውሮፕላኔን ወደ ባትሪ መቀየር እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?

የጣና ዳር ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ ከውጭ ሲመለስ ያመጣው ሞዴል አውሮፕላን አለኝ። በባልሳ እንጨት የተሠራ የጀማሪ አውሮፕላን ነው፣ ክንፉ ከላይ የተቀመጠ፣ ከጫፍ ጫፍ 1.6 ሜትር። ሞተሩ 6.5 ሲሲ ነው፣ "ባለ 40" የሚሉት። ችግሬ ነዳጁ ነው። ሜታኖል፣ ኒትሮሜቴንና ዘይት የተቀላቀለበት ነው የሚፈልገው፣ እሱን ደግሞ ባሕር ዳር ውስጥ ዞሬ ዞሬ አላገኘሁም። አጎቴ የተወው ሲያልቅ እኔም ቆምኩ። ሲነሳም ቢሆን አቅም ያንሰው ነበር።

ሦስት ጥያቄ አለኝ። ምን ዓይነት ሞተር ልግዛ? ባትሪው የት ይቀመጣል? የፓወር ባንክ ባትሪዎችን አንድ ላይ አያይዤ ብጠቀምስ? አውሮፕላኑን በጣም ስለምወደው ሰብሬው እንዳልጸጸት ነው ቀድሜ የምጠይቀው።

ባለ ካቻቪቴ

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። የፓወር ባንኩን ተወው። የዚያ ዓይነት ባትሪ ቀስ ብሎ ለመስጠት የተሠራ ነው፣ ያንተ ሞተር ደግሞ በአንድ ጊዜ ከ35 አምፔር በላይ ይጠይቀዋል። ይግላል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ አየር ላይ እያለህ ይጠፋብሃል።

ሁሉም ሰው "ለባለ 40 የቱ ሞተር ይተካዋል" ብሎ ይጀምራል። እኔ ግን መጀመሪያ መዝነው ነው የምለው። ለእንዲህ ዓይነት አውሮፕላን በኪሎ 200 ዋት ገደማ ይበቃል። 2.5 ኪሎ ከሆነ 500 ዋት ማለት ነው። ባለ 4 ሴል ሊፖ፣ ማለትም ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ (14.8 ቮልት)፣ 4000 ሚሊ አምፔር ሰዓት፣ ኬቪው (በአንድ ቮልት በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ከ700 እስከ 850 የሆነ ሞተር፣ 60 አምፔር የሚችል የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ። በዚህ ጋዙን እየቀነስክ ብታበር 8 ደቂቃ ገደማ ትቆያለህ።

አቅም ያነሰው ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፣ አየሩም አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የነዳጅ ሞተር አየር ካጠረው ይደክማል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፣ የሚቸገረው ፕሮፔለሩ ብቻ ነው፣ እሱንም ትንሽ ተለቅ በማድረግ ታካክሰዋለህ። ሌላው 12 በ6 (ርዝመቱና በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው፣ በኢንች) ሲያስር አንተ 13 በ6.5 ሞክር፣ አምፔሩን ግን ለክተህ።

ባትሪው የነዳጁ ታንክ የነበረበት ቦታ ይገባል። ሞተሩና ማርሚታው ሲወጡ አፍንጫው ስለሚቀል ባትሪውን ወደፊት ገፋ አድርገው። ሳታበር በፊት ሁለት ጣትህን ከክንፉ ሥር አድርገህ አንሳው። ከክንፉ የፊት ጠርዝ ከወርዱ ሩብ እስከ ሲሶ ባለው ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ካልቆመ አታብረው። ጅራቱ የከበደ አውሮፕላን አይታዘዝም፤ እኔ አንዱን ያጣሁት እንደዚያ ነው።

ቤዛዊት ማዶ

ከላይ ባለው ሁሉ እስማማለሁ፣ ግን ማንም የማይነግርህን ልንገርህ። ዘይቱ! ነዳጁ ውስጥ ብዙ ጊዜ የጉሎ ዘይት አለበት፣ ለዓመታት እንጨቱ ውስጥ ገብቷል። ሞተሩ የሚታሰርበትን ኮምፔንሳቶ በአውራ ጣትህ ተጫነው፣ ከጨለመና ካሙለጨለጨ ምንም ኮላ አይዘውም። እኔ በአሴቶን ደጋግሜ ጠረግኩት፣ ከዚያ የተፈጨ ጠመኔ ነስንሼ አሳደርኩት። ጠዋት ጠመኔው ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ። አራግፌ እንደገና ነሰነስኩ። በአራተኛው ቀን ነጭ ሆኖ ሲያድር ነው በኢፖክሲ የለጠፍኩት፣ ቦታውን ለአራቱም ብሎኖች ከጀርባው በአዲስ ኮምፔንሳቶ አጠናከርኩት። አሴቶኑን ደጅ ላይ ነው የምትጠቀመው፣ ከእሳት ርቀህ።

አዲሱ ሞተር አጭር ስለሆነ ማራዘሚያ ያስፈልገዋል። ፕሮፔለሩ ድሮ የነበረበት ቦታ ላይ ይዋል። የድሮው ሞተር ትንሽ ወደ ቀኝና ወደ ታች ያዘነበለ ከነበረ ያንን ዝንባሌ ጠብቅለት። የአየር መውጫውንም ከመግቢያው ሰፋ አድርገው፣ ያለዚያ ባትሪው ይታፈናል። ሞተሩ ወደ ኋላ ቢዞርብህ አትደንግጥ፣ ሞተሩን ከመቆጣጠሪያው ከሚያገናኙት ሦስት ሽቦዎች ሁለቱን አቀያይር።

የጣና ዳር ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ! ዛሬ ሰፈር ካለው ሱቅ ሽንኩርት በሚመዘንበት ሚዛን አስመዘንኩት። ያለ ነዳጅ 2.3 ኪሎ ሆነ። ኮምፔንሳቶውም እንዳላችሁት ጥቁር ነው። ባትሪውን የሚያመጣልኝ ዘመድ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው፣ ይፈቀድለታል?

ጡረተኛው መካኒክ

ልጄ፣ 14.8 ቮልት በ4 አምፔር ሰዓት ስታባዛው 59 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። አየር መንገዶች በአብዛኛው እስከ 100 ዋት ሰዓት በእጅ ሻንጣ ይፈቅዳሉ። ሻንጣ ክፍል አይገባም፣ ጫፎቹም በፕላስተር ይሸፈኑ። ዘመድህ አየር መንገዱን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ቤት ሲደርስ ለብቻው ትተኸው ቻርጅ አታድርግ። አንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት አይለፍ፣ ከ3.5 በታችም አይውረድ። ለሳምንት የምታስቀምጠው ከሆነ 3.8 ላይ አቁመው። ያበጠ ባትሪ አይሞላም፣ ይጣላል። መብራት ከጠፋ ብዙዎቹ ቻርጀሮች ከመኪና ባትሪ ይሠራሉ። ጠረጴዛ ላይ ስትሞክር ደግሞ ፕሮፔለሩን ፍታው። የነዳጁ ሞተር ሲነሳ ትሰማዋለህ፣ ይሄኛው ዝም ብሎ ቆይቶ ነው ጣት የሚቆርጠው።

የት ልታበር ነው? ኤርፖርቱ አካባቢ በፍጹም አይሆንም። ሌላም ቦታ ቢሆን ቀበሌህንና ፖሊስን ሳታስፈቅድ እንዳትወጣ። ሐይቁ ዳር ከሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጣ፣ ውሃው እንደ መስታወት ሲሆን። ረፋዱ ላይ ነፋሱ ከጣና ወደ ከተማው ይነሳል፣ ያኔ በነፋሱ ላይ ለመነሳት ፊትህን ወደ ውሃው ማዞር ይኖርብሃል፣ ደንገሉ ውስጥ የወደቀን አውሮፕላን ደግሞ ያለ ታንኳ አታገኘውም።

የጣና ዳር ልጅ

እሺ ጋሼ፣ ፈቃዱን ሰኞ እጠይቃለሁ። አሴቶንና ጠመኔ ገዝቻለሁ፣ ዛሬ ማታ የመጀመሪያውን እነሰንሳለሁ። ነጭ ሆኖ ሲያድር ፎቶ እለጥፍላችኋለሁ።