ክርክር፦ «ዶን ኪኾቴ» በዛሬ ስፓኒሽ ይታደስ ወይስ እንዳለ ይቆይ?

ጠያቂው፦
መነሻው ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድሬስ ትራፒዬዮ የሚባል ስፔናዊ ደራሲ የሰርቫንቴስን «ዶን ኪኾቴ» (የፈረሰኛ ታሪክ አንብቦ አንብቦ ስላበደና ራሱን ፈረሰኛ ስላደረገ ባላባት የሚተርከውን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ልብ ወለድ) ከዳር እስከ ዳር ወደ ዛሬ ስፓኒሽ መልሶ አሳተመ። 14 ዓመት ፈጅቶበታል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የስፔን ቋንቋ አካዳሚ ለተማሪዎች የሚሆን አጭር እትም አውጥቶ ነበር። ያንን ያዘጋጀው አርቱሮ ፔሬዝ ሬቬርቴ ቃሉን ብዙም ሳይነካ ዋናውን ታሪክ ያቋርጣሉ ያላቸውን ክፍሎች ቆረጠ። አንዱ «እሰይ!» ይላል፣ ሌላው «መጽሐፉን ገደሉት»። እዚህ «ወደድኩ፣ ጠላሁ» አይበቃም። ምን ይጠፋል፣ ምን ይተርፋል የሚለውን ከነምዕራፉ አምጡ።

እንዝርት፦
እኔ ይታደስ ባይ ነኝ። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ልነሳ። ሰርቫንቴስ ሰውየውን ሲያስተዋውቅ «ላንሳ ኤን አስቲዬሮ፣ አዳርጋ አንቲጓ» ይላል። አስቲዬሮ ያን ጊዜ ጦር የሚሰካበት መደርደሪያ ነበር። ዛሬ ማድሪድ ላለ ተማሪ ግን መርከብ የሚሠራበት ቦታ ነው። ገና በመጀመሪያው መስመር ጦሩ ወደብ ገባ ማለት ነው! ትራፒዬዮ «የተረሳ ጦር፣ ያረጀ ጋሻ» ብሎ ተገላገለ። (አዳርጋ የቆዳ ጋሻ ነው፤ በእሱ ስፓኒሽ ቆዳው ጠፍቷል። አማርኛ ላይ ቢሆን ጋሻ ሲባል ቆዳው አብሮ ስለሚመጣ እኛ እናተርፋለን።)

ደግሞ አትርሱ፣ በ1605 ይህን መጽሐፍ የገዛ ሰው የግርጌ ማስታወሻ እያየ አልሳቀም። ሳይጠረዝ፣ በወረቀቱ ልክ ነበር የተተመነው፦ 83 ሉህ፣ አንዱ በ3 ማራቬዲ (የዘመኑ ሳንቲም) ተኩል፣ ድምሩ 290 ተኩል። ሊስቅበት የገዛው መዝናኛ ነበር እንጂ የፈተና መጽሐፍ አልነበረም።

ብራና፦
እኅቴ እንዝርት፣ በአስቲዬሮው ረትተሽኛል። ግን አንድ መስመር ብቻ ወረድ በይ። «ከበግ ይልቅ የላም ሥጋ የሚበዛበት ቅቅል» ይላል። ምን የሚታደስ ቃል አለው? ምንም። ነገሩ የሚከብደው ዋጋውን ለማያውቅ ነው፤ በዘመኑ ካስቲል፣ በስፔን መሀል አገር፣ የበግ ሥጋ ከላም ሥጋ ይወደድ ነበር። በግ ሲያምረው ላም የሚቀቅል፣ ያም ሆኖ ከገቢው አራት እጅ ሦስቱ በሆዱ የሚያልቅበት ባላባት ነው። ድህነቱን ሰርቫንቴስ በድስቱ ነገረን። ቅዳሜ የሚበላው «ዱዌሎስ ኢ ኬብራንቶስ» ደግሞ ቃል በቃል «ሐዘንና ስብራት» ነው። እንቁላል ከአሳማ ጋር ነው የሚሉ ይበዛሉ፣ ሊቃውንቱ ግን አልተስማሙበትም። አዳሹ «እንቁላል በአሳማ» ብሎ ከጻፈ ክርክሩን በራሱ ሥልጣን ዘጋው፣ ሐዘኑንም ከሳህኑ አነሳው።

ይህ ቀላሉ ነው። ምዕራፍ 3ን ተመልከቱ። ዶን ኪኾቴ ካባዬሮ፣ ማለትም ማዕረግ ያለው ፈረሰኛ ለመሆን የእንግዳ ማረፊያውን ባለቤት ይለምናል። ባለቤቱ ለበቅሎ ነጂዎች ያቀረበውን ገለባና ገብስ የሚመዘግብበትን ደብተር እንደ ጸሎት መጽሐፍ ያነበንባል፤ አንድ ልጅ የሻማ ቁራጭ ይዞለታል። አንገቱን በእጁ፣ ጀርባውን በሰይፍ መታ መታ ያደርገውና አለቀ። ይህን በየትኛውም ስፓኒሽ ያነበበ ይስቃል። ግን በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአልፎንሶ 10ኛ የተዘጋጀው «ሲዬቴ ፓርቲዳስ» የተባለው የሕግ መጽሐፍ እብድ፣ በጣም ድኻ፣ ወይም በፌዝ የተሾመ ሰው ፈረሰኛ ሊሆን እንደማይችል ይደነግጋል። ሰውየው ቢያንስ በሁለቱ ወድቋል። በፌዝ ስለተሾመ ደግሞ ከዚያች ሌሊት በኋላ ጤናው ቢመለስም በሕጉ ፊት ፈረሰኛ አይሆንም። ይህንን ቃል በማደስ አታገኙትም፣ ማስታወሻ ያስፈልጋል።

ሸንበቆ፦
በመሀላችሁ ልግባ። እድሳቱን አልቃወምም፣ ግን አዳሹ እጁን መሰብሰብ ያለበት ቦታ አለ፤ እሱም የዶን ኪኾቴ አፍ ነው። ሰውየው በ1605ም ቢሆን ያረጀ ቋንቋ ነው የሚናገረው። በጥንቱ ካስቲልኛ (በጥንቱ ስፓኒሽ) በብዙ ቃላት መነሻ የነበረው የ«ፍ» ድምፅ ሳስቶ «ህ» ሆነ፣ ኋላም ጠፋ፦ «ፉያን» የነበረው «ኡያን»፣ «ፌርሞሳ» የነበረው «ኤርሞሳ»። እሱ ግን ከፈረሰኛ ታሪኮቹ እንደተማረው «ፍ»ውን አለቅም ብሏል። ምዕራፍ 2 ላይ በር የቆሙትን ሁለት ሴተኛ አዳሪዎች «ኖ ፉያን» (አትሽሹ) ይልና «ዶንሴያስ» ብሎ ይጠራቸዋል፤ ደናግል ማለቱ ነው። ሴቶቹ ከሥራቸው ጋር የማይገጥም ስም ሲሰሙ ሳቃቸው ያመልጣቸዋል።

አማርኛ ላይ አስቡት። አንድ ሽማግሌ መጠጥ ቤት በር ላይ ወርዶ «ኦ ደናግል፣ ኢትፍርሃ!» ሲል። ቀልዱ ያለው ግዕዙ ላይ ነው። «ልጆች፣ አትፍሩ» ብለህ ስታቀልለው ደግ አባት ሆኖ ቁጭ ይላል።

ሌላው አጠራር ነው። አገልጋዩን ሳንቾን ብዙውን ጊዜ «አንተ» ይለዋል፤ ምዕራፍ 20 ላይ ሳንቾ ሲስቅበት ግን ተናዶ ወደ «ቮስ»፣ ሰውን ወደሚያርቀው የጥንት አጠራር፣ ይዞራል። በዛሬዋ ስፔን «ቮስ» ከዕለት ንግግር ወጥቷል፣ ስለዚህ አዳሹ የሚተካበት የለውም። ለእኛ ይህ ችግር አይደለም፦ «እስቲ ወዲህ ይምጡ፣ አቶ ሳቂታው!» ሲባል ንዴቱ ማን ይጠፋዋል?

ዘግይቶ ገባ፦
ይቅርታ፣ ግን የሞተ ፈረሰኛ ላይ የተሠራ ሥላቅ አይደለም እንዴ? ፈረሰኞቹ ከሌሉ ቋንቋው ቢታደስ ባይታደስ ምን ለውጥ አለው?

ብራና፦
ፈረሰኞቹ አልቀዋል፣ ኢዳልጎዎቹ ግን ነበሩ። ኢዳልጎ ከግብር ነፃ የሆነ ዝቅተኛ ባላባት ነው፤ በእጁ ሠርቶ ማደር ያሳፍረዋል። ከሰርቫንቴስ 50 ዓመት ቀድሞ፣ በ1554፣ ደራሲው ያልታወቀው «ላዛሪዮ ዴ ቶርሜስ» ታትሟል። ቶሌዶ ላይ ቤቱ ቁራሽ እንጀራ የሌለው ባላባት በር ላይ ቆሞ ምንም ያልገባበትን ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል፣ መንገደኛ በልቷል እንዲለው። ከአገሩ የወጣውም ለጎረቤቱ ፈረሰኛ ቆብ ላለማውለቅ ነው! መጽሐፉ በ1559 በቤተ ክርስቲያን ታገደ። የዶን ኪኾቴ ሰፈር ኢዳልጎዎችም የሚያሙት በእብደቱ ሳይሆን፣ «አራት ሐረግ ወይንና ሁለት ጥማድ መሬት ይዞ ዶን ተባለ» እያሉ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል፣ 1615፣ ምዕራፍ 2። ሥላቁ የተወረወረው ወደዚህ ነው።

እንዝርት፦
ወንድም ብራና፣ እውቀቱ ድንቅ ነው፣ ግን ሁሉንም በማስታወሻ ካስገባኸው ገጹ ግማሽ በግማሽ ይሆናል። ያስረዳኸው ቀልድ ደግሞ ቀዝቅዟል። የቆረጡትንም አትውቀሱ። ሁለተኛው ክፍል ምዕራፍ 3 ላይ ተማሪው ሳንሶን ካራስኮ አንባቢዎች በመጀመሪያው ክፍል መሀል የገባውን የ«ነገረኛው ጠያቂ» ልብ ወለድ እንደሚተቹ ይናገራል፤ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ቦታው ስላልሆነ። ትችቱን መጽሐፉ ውስጥ ያስገባው ሰርቫንቴስ ራሱ ነው።

ብራና፦
ያቺን ብቻ ቢቆርጡ ዝም እል ነበር። መቀስ አንዴ ከተነሳ ግን ከምዕራፍ 39 እስከ 41 ያለው የምርኮኛው ታሪክም ከዋናው መንገድ የወጣ ነው። ሰርቫንቴስ ከ1575 እስከ 1580 አልጀርስ ተማርኮ ነበር፤ ምዕራፍ 40 ላይም «ሳቬድራ የሚባል» እስረኛ በራሱ ስም ያሳልፋል። ያ ሲወጣ ደራሲው ከነሕይወቱ ወጣ።

ጠያቂው፦
የትምህርት ቤቱን ነገር ማንም አላነሳም። በ1920 መንግሥት በየቀኑ የክፍሉ የመጀመሪያ ሩብ ሰዓት ለ«ኪኾቴ» ንባብ እንዲውል ደንግጎ ነበር። ያኔም ፈላስፋው ኦርቴጋ ኢ ጋሴት ለሕፃናት አይሆንም ብሎ ተቃወመ።

ሸንበቆ፦
ለሕፃን የሚሆን ከፈለጋችሁ ምዕራፍ 4 ይበቃል። ሁዋን አልዱዶ የሚባለው ሀብታም ገበሬ እረኛውን አንድሬስን ዛፍ ላይ አስሮ ይገርፈዋል። ያልከፈለው የ9 ወር ደሞዝ ነው፣ በወር 7 ሬያል (የብር ሳንቲም)። ገበሬው ሦስት ጥንድ ጫማና ለሁለት ጊዜ ዋግምት አንድ ሬያል ይቀነስልኝ ይላል። ዶን ኪኾቴ ሲፈርድ፣ አንተም ቆዳውን ስለገፈፍከው የጫማው ቆዳ ተካካሰ፣ ዋግምቱም ደሙን በጤናው ስላወጣኸው ተካካሰ ብሎ፣ ይከፍላል ብሎ አምኖ ይሄዳል። ገበሬው ልጁን መልሶ ያስረዋል። ምዕራፍ 31 ላይ አንድሬስ ተመልሶ ምን ይላል? ሲቆራርጡኝ ብታይ እንኳ አታድነኝ።

እዚህ ላይ ለአዳሹ ወጥመድ አለ። በ1605ቱ እትም ዶን ኪኾቴ ደሞዙን ሲያሰላ 73 አገኘ ይላል። 9 ጊዜ 7 ግን 63 ነው። ብዙ አርታኢዎች የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው ብለው 63 አድርገውታል። እንዝርት፣ አንቺስ ታርሚዋለሽ?

እንዝርት፦
አላርመውም። ያው መጽሐፍ መግቢያው ላይ ባለው የዋጋ ተመን 83ን በ3 ተኩል ሲያባዛ አንዲት ሽራፊ አልሳተም። ዋጋውን ከተመነው ጸሐፊ ቁጥር ጎን የባላባቱ ቁጥር እንደዚያው ይቀመጥ። አስቲዬሮውን ግን አልመልስም።