የቻይና መርፌ ለኬሞ ታማሚ፦ ጎንደር ላይ ይጀመር ወይስ ይቅር?

የቸቸላው፦ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ላይ ያለ አንድ ዘመዳችን አዲስ አበባ ሄዶ አኩፓንክቸር፣ ማለትም ቀጫጭን መርፌ በሰውነት ነጥቦች ላይ የሚወጋበትን የቻይና ሕክምና፣ አድርጎ መጣ። «ማስመለሱ ቀለለልኝ» ይላል። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ ጎንደርም ይጀመር ባይ ነው፣ ግማሹ «ዋግምት በቻይንኛ» እያለ ይስቃል። እኔ ይጀመር ከሚሉት ነኝ። አዲስ አበባ ከዚህ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መንገዱንም ታውቁታላችሁ። አንጀቱ የተገለበጠ ሰው ለመርፌ ብሎ ያን ሁሉ ይሂድ? እስቲ ተከራከሩኝ።

ባለፋርማሲው፦ እኔ ይቅር ባይ ነኝ። ሲስፕላቲን የሚባለውን ክፉኛ የሚያስመልስ ኬሞ የሚወስድ ሰው የማስመለስ ማስታገሻዎቹን ኦንዳንሴትሮንና ዴክሳሜታዞን በሰዓቱ ካላገኘ መርፌ ቢደረደርበት ምን ይጠቅመዋል? ኦላንዛፒን ማታ ማታ ቢጨመርለት ደግሞ ማቅለሽለሹም ይቀንስለታል፣ እንቅልፍም ይወስደዋል፤ ርካሽ ክኒን ነው። ታማሚ ማዘዣ ይዞ ከአዘዞ እስከ ፒያሳ የፋርማሲ በር ሲያንኳኳ እያየሁ «የአኩፓንክቸር ክፍል እንክፈት» ሲባል ይገርመኛል። መጀመሪያ መድኃኒቱ። ለሚያመውም መጀመሪያ ሞርፊኑ።

የማራኪው፦ ጋሼ ጨረሱት። ክርክሩ ይዘጋ 😄

ነርሷ፦ አይዘጋም። ጋሼ፣ የመድኃኒቱን ነገር እኔም እስማማለሁ፤ ግን ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ያለን የለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሰበሰባቸው ባለሙያዎች አኩፓንክቸር ከቀዶ ጥገናና ከኬሞ በኋላ ለሚመጣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ተስፋ ሰጪ ነው ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት 11 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምር ውጤቱ ድብልቅ ሆነ፤ በመጀመሪያው ቀን የሚያስመልሳቸው ሰዎች ቁጥር ቀነሰ፣ የማቅለሽለሹ ክብደት ግን በአጠቃላይ አልተለወጠም። ልብ በሉ፣ ታማሚዎቹ የማስመለስ ማስታገሻ መድኃኒታቸውንም ይወስዱ ነበር። ተጨማሪ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ማስረጃው ጠንከር የሚለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። የጡት ካንሰር ታክመው አናስትሮዞል ወይም ሌትሮዞል የሚባል ክኒን የሚውጡ ሴቶች ክኒኑ በሚያመጣው ሕመም ጉልበታቸውና ጣታቸው እየተቆረጠመ ይተዉታል። ክኒኑን መተው ማለት በሽታው እንዲመለስ በር መክፈት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ 226 ሴቶች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ከስድስት ሳምንት በኋላ ከአሥር በሚለካ ሕመም እውነተኛው መርፌ ሁለት ነጥብ ያህል፣ ለማነጻጸሪያ የተደረገው የማስመሰያ መርፌ አንድ ነጥብ ያህል እንደቀነሰ አሳየ። ትንሽ ነው ትሉኝ ይሆናል። በጠዋት ተነስታ ምጣድ ማንሳት ላቃታት ሴት ግን አንድ ነጥብም ነጥብ ነው። በ2022 የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ለዚህ ዓይነቱ የመገጣጠሚያ ሕመም አኩፓንክቸርን በመመሪያው አስገብቶታል።

የሕክምና ተማሪው፦ ሲስተር፣ የማስመሰያውም መርፌ አንድ ነጥብ ከቀነሰ ግማሹ እምነት ነው ማለት ነዋ። በ2019 የወጣ ደግሞ ሌላ አለ፤ በጨረር ምክንያት አፋቸው የሚደርቅ 399 ታማሚዎች፣ ሻንጋይና ሂዩስተን ላይ። ሻንጋይ እውነተኛው መርፌ ከማስመሰያው በለጠ፤ ሂዩስተን ግን ማስመሰያውም ራሱ እፎይታ ሰጠ። ያው መርፌ አገር ሲቀይር ውጤቱ ከተቀየረ ጎንደር ላይ ምን ይሆናል? ኬሞ ለሚያመጣው የእግርና የእጅ መደንዘዝማ የዚያው ማኅበር የ2020 መመሪያ ጭራሽ አልመከረውም፣ ማስረጃው አልበቃም ብሎ።

የአራዳዋ፦ እምነት ቢሆንስ ልጄ? የተሻለው ሰው ተሽሎታል። እኛ ጠበል ስንሄድ ማን ጥናት ጠየቀን?

ባለፋርማሲው፦ እትዬ፣ ጠበል ሲሄዱ የመንግሥት በጀት አይወጣም። የሚያስፈራኝ ደግሞ ሌላ ነው። ነገ አንዱ ሱቅ ተከራይቶ «ካንሰር በመርፌ» የሚል ማስታወቂያ ቢሰቅል፣ ገንዘብ ያጠረው ሰው ኬሞውን አቋርጦ እዚያ ይሰለፋል። መርፌው ዕጢ አይነካም። ይህን በጉልህ ሳትጽፉ «ይጀመር» አትበሉ።

የማራኪው፦ ዋግምቱም እዚያው ጎን ይከፈታል እንግዲህ።

ነርሷ፦ ዋግምቱን ተዉት፣ ለኬሞ ታማሚ ቀልድ አይደለም። ምላጭ ቆዳ ይበጣል፣ ቀንዱ ደም ይስባል። ከኬሞ በኋላ ባለው አንድና ሁለት ሳምንት ነጭ የደም ሕዋስ ይወርዳል፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌትም ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ የተበጣ ቆዳ ቢመረቅዝ ወይም ደሙ አልቆም ቢል ጣጣ ነው። ሱቅ ይከፈታል ያሉት ግን ጋሼ፣ የእኔ መከራከሪያ ነው። ሰዉ መሄዱ ካልቀረ ሆስፒታል ውስጥ፣ የደም ውጤቱ እየታየ፣ አንዴ ተወግቶ በሚጣል መርፌ ይሁን። የሄፓታይተስ ቢ ነገር ባለበት አገር ቀቅሎ መልሶ መውጋት የሚባል ነገር አይታሰብም። ደረት ላይ በጥልቀት የሚወጋም ሳንባ ሊበሳ ይችላል፤ ያልሠለጠነ እጅ አይንካው።

የቸቸላው፦ እስኪጀመር ድረስስ ሰው ምን ያድርግ?

ነርሷ፦ መጫን ይቻላል፣ ያለ መርፌ። ከእጅ አንጓ መታጠፊያ በውስጥ በኩል ሦስት ጣት ወደ ላይ ለክታችሁ፣ በሁለቱ ጅማቶች መካከል በአውራ ጣት። የቻይና ሐኪሞች ኔይጓን የሚሉት ቦታ ነው። በዚያው በኮክሬን ግምገማ በጣት ወይም በማሰሪያ መጫን የመጀመሪያውን ቀን ማቅለሽለሽ ቀንሷል፣ ማስመለሱን ግን አልቀነሰም። ገንዘብ አያስወጣም፤ ክኒኑን ግን አይተካም።

ባለፋርማሲው፦ በዚህ በነጻው አልከራከርም። ለክፍሉና ለሥልጠናው ግን ብሩ ከመድኃኒት መግዣው እንደማይነሳ የሚያረጋግጥልኝ ሰው እስካገኝ ይቅር ባይ ነኝ።

ነርሷ፦ እኔም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሠልጥኖ ባለው ክፍል ይጀምር ባይ ነኝ፣ አዲስ ክፍል ማን ጠየቀ?

ባለፋርማሲው፦ ሥልጠናውስ በነጻ ነው?

የአዘዞዋ፦ ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። እናቴ አናስትሮዞል ላይ ናት፤ ጣቶቿ ጠዋት አይዘረጉም። አዲስ አበባ እህቴ ጋ ልትሄድ ስለሆነ እዚያ ብታደርገው ብዬ ነበር።

ነርሷ፦ መጀመሪያ ለሐኪሟ ንገሩ። በየትኛው ወገን ነው ቀዶ ጥገና የተደረገላት? ከብብቷ የሊምፍ ዕጢ (ንፍፊት) ወጥቶ ከሆነ በዚያ በኩል ያለው እጅ አይወጋም፤ ገና ከበር ሲገቡ ለባለሙያው ይነገረው። ክኒኑንም እዚያ ሳለች እንዳታቋርጥ።