ሞድዤየፍስካ ዋርሶን ጥላ መሄዷ ልክ ነበር ወይ?

የመድረክ ልጅ፦
ዛሬ ስለ ፖላንዳዊቷ ተዋናይት ሄሌና ሞድዤየፍስካ እንከራከር። በፈረንጆቹ 1840 ክራኮቭ ተወለደች። በ1861 ቦኽኒያ በምትባል ትንሽ ከተማ መድረክ ላይ ወጣች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዋርሶ ውስጥ የሚያህላት አልነበረም። በ1876 ግን ሁሉን ትታ ካሊፎርኒያ ገባች። ያኔ ፖላንድ የሚባል አገር ካርታ ላይ የለም፤ ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ተቀራምተውታል። በዚህ ሰዓት መሄዷ ልክ ነበር? እኔ ልክ ነበረች ባይ ነኝ።

ታሪክ ወዳድ፦
በፍጹም። ፖላንዶች በሩሲያ ላይ ካነሡት ከ1863ቱ አመፅ በኋላ ሩሲያ ፖላንድኛን ከትምህርት ቤትና ከመሥሪያ ቤት ስታባርር፣ ዋርሶ ላይ ቋንቋው በአደባባይ ጮክ ብሎ ከሚሰማባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ቴአትር ቤቱ ነበር። እዚያ ዋና ሆና የቆመች ሴት ኃላፊነት አለባት። የሄደችው ደግሞ ለምንድን ነው? ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ላይ ከባሏና ከነደራሲው ሲየንኪየቪች ጋር እርሻ ለመሞከር! የግብርና ልምድ አልነበራቸውም፤ ወዲያው ከሸፈ።

የመድረክ ልጅ፦
እርሻው መክሸፉን ማን ካደ? ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ግን እይ እንጂ። በወራት ውስጥ እንግሊዝኛ ተምራ ኦገስት 20 ቀን 1877 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ተጫወተች። ስሟን ለአሜሪካኖች አፍ እንዲመች “ሞጄስካ” ብላ አሳጠረችው፣ የፖላንድ ቅላጼዋ እስከ መጨረሻው አልለቀቃትም፣ ሰው ግን ሼክስፒርን ከእሷ አፍ ለመስማት ይጎርፍ ነበር።

ቴአትረኛዋ፦
ሁለታችሁም ስለ ትወናዋ ብቻ ነው የምታወሩት። እኔን የሚገርመኝ ቡድን መምራቷ ነው። በዚያ ዘመን ሴት ሆና የራሷን ቡድን ይዛ በባቡር አሜሪካን ማካለል ቀላል አይደለም። በ1883 ሉዊቪል፣ ኬንታኪ ላይ የኖርዌዩን ጸሐፌ ተውኔት የኢብሰንን “የአሻንጉሊት ቤት” አሳየች፤ አሜሪካ ገና ኢብሰንን አታውቀውም። መጨረሻውን ለውጠው ሚስትየዋ ቤቷን ሳትለቅ እንድትቀር ማድረጋቸው ግን እስካሁን አይዋጥልኝም። የተውኔቱ ጉልበት እዚያ መውጣቷ ላይ ነው።

ታሪክ ወዳድ፦
እሺ እህቴ፣ ኢብሰንን ኬንታኪ ድረስ መውሰዷ ለዋርሶ ሰው ምን ጠቀመው?

ቴአትረኛዋ፦
በ1893 ቺካጎ የሆነውን አስታውስ። በሴቶች ጉባኤ ላይ ከሩሲያ ግዛት መምጣት ያልቻሉትን የፖላንድ ሴቶች ወክላ ቆማ ሕዝቧ ላይ የሚደርሰውን ግፍ በግልጽ ተናገረች። ሩሲያም ግዛቷ እንዳትገባ ከለከለቻት። ዋርሶ ብትቀር ኖሮ ያንን ንግግር የት ታደርገው ነበር? ሳንሱሩ እኮ አንድ ቃል አያሳልፍላትም።

የመድረክ ልጅ፦
ደግሞም አገሯን አልረሳችም። ለእንግድነት እየተመለሰች ትጫወት ነበር። በ1884 ክራኮቭ ላይ ገና ስም ያልነበረውን ፒያኖ ተጫዋች ፓዴሬቭስኪን በኮንሰርቱ ላይ አብራው ወጥታ ረዳችው፤ ይህ ሰው በኋላ የፖላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። በ1903ም እዚያው ክራኮቭ የፖላንዳዊውን ጸሐፌ ተውኔት የቪስፒያንስኪን አዲስ ተውኔት ተጫውታለች።

ታሪክ ወዳድ፦
የቺካጎው ንግግር ድፍረት ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን ወንድሜ የምትጠራቸውን ቦታዎች ተመልከት፣ ክራኮቭ፣ ክራኮቭ። ክራኮቭ በኦስትሪያ ሥር ነበር፤ እዚያ ፖላንድኛ ትምህርት ቤትም ዩኒቨርሲቲም ነበረው። ቋንቋው የታፈነው ዋርሶ ላይ ነው፣ እሷም የጎደለችው እዚያው ነው። ከእገዳው በኋላ ደግሞ በሩ የተዘጋው በእሷ ብቻ ሳይሆን ቲኬት ቆርጦ ሊያያት በሚጠብቀው የዋርሶ ተመልካችም ላይ ነው። ለዚህ ሰው ምን ትሉታላችሁ?