አሯሯጭ የነበረ ልጅ የመጀመሪያ ሙሉ ማራቶኑን ሊሮጥ ነው፤ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ላለው እንዴት እናዘጋጀው?

ማርቆስ ሯጮች፦

ጤና ይስጥልን። ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ልጅ እያዘጋጀን ነው። ዕድሜው 24፣ ክብደቱ 56 ኪሎ። እስከ ዛሬ ውጭ የወጣው ለማሯሯጥ ብቻ ነው፤ ማለትም ፊት ሆኖ ለሌሎች ፍጥነቱን እየጠበቀ መርቶ መሐል ላይ ይወጣል። አምስት ማራቶን አሯሩጦ ሦስቱን 25 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ሁለቱን 30 ላይ ወጥቷል። 30ውን በ1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ሲያልፍ ፊቱ ላይ ድካም አይታይም። አሁን ሙሉውን ሊሮጥ ነው። 12 ሳምንት ቀርቶናል፤ የልምምዱ ግማሽም ሁዳዴ ውስጥ ይውላል።

ሦስት ነገር ላይ አልተግባባንም። ረጅሙ ሩጫ እስከ ስንት ኪሎ ሜትር ይሂድ? በስንት ይነሳ? እሱ «የለመድኩት 3:00 ነው (አንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ)፣ በሱ ልሂድ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ መጠጥ ነው። ውድድር ላይ ጠርሙስ አንስቶ አያውቅም፤ 30 ኪሎ ሜትር ምንም ሳይቀምስ ይጨርሳል። ይህ ጥንካሬ ነው ወይስ ጉድለት?

ጮቄ ሥር፦

ከሦስተኛው ልጀምር፤ ሌሎቹ ሁለቱ እዚህ ላይ የሚንጠለጠሉ ናቸው።

አንድ ሯጭ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 1 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ለ56 ኪሎ ሰው 30 ኪሎ ሜትር 1680 ይፈጃል፤ 42.195 ደግሞ 2360 ገደማ። በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ስኳር ደህና ተበልቶ እንኳ 2000 አካባቢ ነው። ስብም ያግዛል፤ ግን በዚያ ፍጥነት ዋናውን ሥራ የሚሠራው ስኳሩ ነው። ስለዚህ ልጁ 30ውን ያለ መጠጥ የሚጨርሰው ስንቁ እዚያ ድረስ ስለሚበቃው ነው። ከ32 እስከ 36 ባለው ቦታ እግሩ በድንገት የሚከዳው ደግሞ ስንቁ ስላለቀ ነው፤ ወኔ ስላነሰው አይደለም። ያኔ መጠጣት ቢጀምር አይደርስለትም። የጠጣው ከሆድ ወደ ደም እስኪገባ ጊዜ ይፈልጋልና መጠጡ ከ5ኛው ኪሎ ሜትር መጀመር አለበት።

ትልልቅ ውድድሮች ላይ ጠረጴዛው በየ5 ኪሎ ሜትሩ ነው፤ ከ5 እስከ 40 ድረስ ስምንት ጊዜ። በየጠረጴዛው 180 ሚሊ ሊትር፣ በሊትር 80 ግራም ስኳር ሆኖ ቢዘጋጅ፣ ስምንቱ ጠርሙስ 115 ግራም ይሰጠዋል። 2 ሰዓት ከ10 ለሚሮጥ ሰው ይህ በሰዓት 53 ግራም ነው። በ15ኛውና በ25ኛው ጠርሙስ ላይ 25 25 ግራም ስኳር ያለው ጄል (በትንሽ ከረጢት የሚመጣ ወፍራም የስኳር ቅልቅል) ቢለጠፍ በሰዓት ወደ 76 ከፍ ይላል። ለመጀመሪያ ማራቶን ከዚህ በላይ አትመኙ።

ሆዱ ግን ይህን ያህል በአንድ ቀን አይለምድም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በቀስታ ሩጫ ላይ በየ5 ኪሎ ሜትሩ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከአራተኛው ሳምንት 150፣ ከስድስተኛው ጀምሮ 180 በውድድር ፍጥነት። ዘለው 180 ከሰጡት ሆዱ ይንቦጫረቃል፣ ጎኑን ይወጋዋል፣ አንዳንዱም ያስመልሳል። ከዚያ «መጠጥ አይስማማኝም» ብሎ ይተወዋል። ያልተስማማው መጠጡ ሳይሆን ጥድፊያው ነው።

አነሳሱም ለብቻው ልምምድ ነው። በ3:05 የሚሄድ ሯጭ በሴኮንድ ከ5 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ቆሞ የሚጠብቅ ጠርሙስ በዚያ ፍጥነት ከእጅ ያመልጣል። 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ለስላሳ ጠርሙስ ውሰዱ፣ 180 ብቻ ሙሉበት። ከአንገቱ እስከ ወገቡ የጣት ማስገቢያ ቀለበት በጠንካራ ፕላስተር ሥሩለት። መንገድ ዳር ዱካ (በርጩማ) ላይ አስቀምጡና በፍጥነት እየመጣ ያንሳ። እጁ ጠርሙሱን ከመንካቱ በፊት ወደ ኋላ መሄድ መጀመር አለበት፤ በቀጥታ ከገጨው ይወድቃል። ካነሳ በኋላ አንዴ አይጨልጠው። ሁለት ትንፋሽ፣ አንድ ጉንጭ፤ እንዲህ እያለ በ300 እስከ 400 ሜትር ውስጥ ይጨርሰው። ከወደቀበት ተመልሶ አያንሳ፤ ቀጥሎ ካለው የሕዝብ ጠረጴዛ ውሃ ይውሰድ፣ በሚቀጥለው ጠርሙስ ይካካሳል።

ለልምምድ የሚሆን የቤት ቅልቅል፦ 1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ማር (እያንዳንዱ 21 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ 17ቱ ስኳር ነው)፣ 30 ግራም ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው። የጎጃም ማር ሰፈፉ ስለማይለቀው በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል፤ ካልተጠለለ የጠርሙሱን አፍ ይደፍናል። በሶ ከልምምድ በኋላ ግሩም ነው፤ ለጠርሙስ ግን አይሆንም። ይዘቅጣል፣ አሰሩም ሆድ ላይ ይቀመጣል። ከውድድሩ አምስት ሳምንት በፊት ግን እዚያ የሚጠጣውን የዱቄት መጠጥ ራሱን ይልመድ።

የጣና ዳር፦

ጋሼ የመጠጡን ነገር ጨርሰውታል። እኔ ፍጥነቱና ርቀቱ ላይ ልጨምር።

በ3:00 ከተነሳ እስከ መጨረሻው ቢይዘው 2:06:35 ነው። በ3:05 2:10:06፣ በ3:10 2:13:37። ልጁ 3:00ን ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን 30 ላይ እንደሚያበቃ አድርጎ ነው። ትንፋሹን፣ ትከሻውን፣ ስንቁን ሁሉ ለ30 ነው ሲመድብ የኖረው። ከ3:04 እስከ 3:06 ይነሳ፤ 5 ኪሎ ሜትሩ ከ15:20 እስከ 15:30 ማለት ነው። 35ን እስኪያልፍ ከዚያ አይፍጠን። የመጀመሪያ ማራቶን ሰዓት የሚመለክበት አይደለም። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. 2022 መጋቢት ላይ ሪያድ ስትጀምር 2:34:01 ነበር ያመጣችው፤ በዚያው ዓመት መስከረም በርሊን ላይ 2:15:37 ገባች።

ሌላው የአሯሯጭ ልማድ ፊት መሆን ነው። ነፋሱን እሱ ይቆርጣል፣ ሰዓቱን እሱ ያያል፣ ሌላው ከኋላው ያርፋል። አሁን ማረፍ ያለበት እሱ ነው። ሁለተኛው ቡድን ውስጥ ገብቶ ከሁለት ሰው ጀርባ ይሁን፤ ነፋስ ከጎን ሲመጣ ነፋሱ ከማይመጣበት ወገን ይጠጋ። ይህን በቡድን ልምምድ ላይ ሆን ብላችሁ አሠሩት፤ ሌሎቹ ፊት ይምሩ። አሯሯጭ የነበረ ሰው ከኋላ ሲሆን ይቁነጠነጣል፣ ሳያውቀው ይወጣና ይመራል።

ረጅሙ ሩጫ እስከ 40 ይሂድ፤ ግን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት 30 እና 32 በቀስታ፣ በአራተኛው 35፣ በስድስተኛው 38፣ በስምንተኛው 40። በዘጠነኛው መጨረሻ ላይ ደግሞ ዋናውን አሠሩት፦ 36 ኪሎ ሜትር፣ የመጀመሪያው 24 በቀስታ፣ ከ24 እስከ 36 በውድድር ፍጥነት። የፈጠነው ክፍል 30ን አቋርጦ እንዲያልፍ የተደረገው አውቆ ነው። ሰውነቱ 30 ሲደርስ መቀዝቀዝ ለምዷልና እዚያ ላይ እግሩ በሥራ እንዲጠመድ ነው። ከዚያ በኋላ ረጅም የሚባል አይኑር፤ 25፣ ቀጥሎ 18፣ ከዚያ ውድድሩ።

ቦታ ይለያያል። ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ነው፤ ኮረኮንቹና ዳገቱ ሲጨመርበት የውድድር ፍጥነቱ በኪሎ ሜትር ከ6 እስከ 10 ሴኮንድ ቢዘገይ ተፈጥሯዊ ነው። እዚያ 3:05 ካላመጣህ ብላችሁ አታስገድዱት፤ ያደክመዋል እንጂ አያዘጋጀውም። ለፍጥነቱ ሥራ በየሦስት ሳምንቱ ወደ ባሕር ዳር ይውረድ፤ 1800 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሜዳ አስፋልትም አለ። ፍኖተ ሰላም 1900 ገደማ ነው፣ ለእናንተም ይቀርባል። በዋዜማው ይግባ፤ ሲነጋ ተሳፍሮ ወርዶ ወዲያው መሮጥ እግር ያስራል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይጀምር፤ 3 ሰዓት ሲሆን ፀሐዩ ሌላ ልምምድ ያደርገዋል።

ደጀን ወርዶ ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል መሮጥ የሚመክራችሁ ይኖራል። ተዉት። ከ1000 ሜትር በላይ የሚወርድ ቁልቁለት የጭኑን ጡንቻ ለአሥር ቀን ይሰብረዋል።

ማርቆስ ሯጮች፦

እግዜር ይስጥልን፣ ጋሼም አንተም። ሁለት ነገር ሳልጽፍ ቀረሁ። ማናጀሩ ያስመዘገበው አሁንም በአሯሯጭነት ነው። «እስከ 30 በ3:00 ምራ፣ ከዚያ ከቻልክ ጨርስ» ነው ያለው። ሁለተኛ፣ ልጁ እስከ 9 ሰዓት ይጾማል።

ዳሞት፦

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው የሁሉም መሠረት ነው፤ ሌላውን ከማቀድ በፊት እሱን አስተካክሉ።

አሯሯጭ መጨረሱ ክልክል አይደለም። ከመነሻው ጀምሮ የሮጠና ውሉ የሚፈቅድለት ከሆነ ውጤቱ ይያዛል። እ.ኤ.አ. 1994 ፖል ፒልኪንግተን የሎስ አንጀለስ ማራቶንን ያሸነፈው አሯሯጭ ሆኖ ገብቶ ነው፤ ሲሞን ቢዎትም በርሊንን በ2000 እንዲሁ። ግን እነዚህን አይቶ ማቀድ ስህተት ነው። «በ3:00 ምራ፣ ከዚያ ጨርስ» ማለት የጣና ዳር እንዳታደርጉት ያላችሁን በውል ማሰር ነው፤ ነፋሱንም እሱ ይቆርጣል። በዚያ ላይ ለአሯሯጭ የግል ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ላይኖረው ይችላል። ያ ማለት ጋሼ የጻፉት ሁሉ ቀረ።

ማናጀሩን አንዱን እንዲመርጥ ጠይቁት፦ ወይ ያሯሩጥና 30 ላይ ይውጣ፣ ወይ በተወዳዳሪ ቁጥር ይግባ። መልሱ በጽሑፍ ይሁን። በአሯሯጭነት ከቆየም ክፍያው የሚለቀቀው ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደሆነ፣ መጨረስ የሚፈቅድ ሐረግ መኖሩንና ጠርሙስ ማስገባት መቻሉን አንብባችሁ አረጋግጡ። ልምምዱን ግን መልሱ እስኪመጣ አታቁሙ፤ የሙሉ ማራቶን ልምምድ ይሥራ። ታምራት ቶላ ለፓሪሱ ኦሊምፒክ ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ነበር የቀረው። ሙሉ ዝግጅት ስለነበረው ነው 2:06:26 ሮጦ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ያሸነፈው።

ጾሙን በተመለከተ፦ የጾም ምግብ ራሱ ለማራቶን አያንስም። ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ ምስር ሁሉም አለ። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ረጅሙን ሩጫ 3 ሰዓት ላይ ጨርሶ እስከ 9 ሰዓት ከቆየ፣ ጡንቻው ስኳር ለመሙላት ፈጥኖ በሚቀበልበት ጊዜ ስድስት ሰዓት ባዶውን ይውላል። በነጋታው ያዘግማል፣ በሦስተኛው ሳምንት ይታመማል። የጠርሙሱ ልምምድም ጠዋት ነው። ስለዚህ ሁዳዴ ሳይገባ ልጁ ራሱ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገርበት። በሳምንት ሁለቱን ከባድ ቀናት ብቻ ለይቶ ይጠይቅ፤ ሌላውን ቀን እንደ ልማዱ ይጹም። እናንተ በሱ ፈንታ አትወስኑ፤ ልቡ ያልተቀበለውን ጠርሙስ አይጠጣውም።

አንድ አደራ። ሲደክመው «ክሊኒክ ሄዶ ግሉኮስ ይሰካለት» የሚል ሰው አይጠፋም። በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ስኳርና ውሃ ብቻ እንኳ ቢሆን፣ በፀረ ዶፒንግ ሕግ የተከለከለ ነው። ውድድር ላይም ልምምድ ላይም ያው ነው። በሆስፒታል ሕክምና ካልሆነ ወይም ፈቃድ ካልተያዘ ልጁ ይቀጣል፤ አላወቅሁም ማለት አያድነውም።

የውድድር ጫማውን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ አስፋልት ላይ ይሞክረው። ኮረኮንች ላይ ከወጣበት ሶሉ ይበላል።

ማርቆስ ሯጮች፦

ዛሬውኑ ለማናጀሩ እንጽፋለን። በተወዳዳሪ ቁጥር ከገባ፣ 35 ላይ መፍጠን መቻሉን በምን ይወቅ?

ጮቄ ሥር፦

ሁለት ምልክት ይበቃዋል። ከ30 እስከ 35 ያለውን በ15:30 ውስጥ ከገባና የ30ውን ጠርሙስ ጠጥቶ ሆዱ ከተቀበለው፣ ከ37 ጀምሮ ይሂድ። አንዱ ከጎደለ ባለበት ይቆይ። 5ቱ ኪሎ ሜትር ከ16:00 ካለፈ ደግሞ ወደ 3:15 አውርዶ የ35ቱንና የ40ውን ጠርሙስ ሙሉ በሙሉ ይጠጣ። እየጠጣ ያዘገመ ይገባል፤ ሳይጠጣ የታገለ መንገድ ዳር ይቀመጣል።

ጠርሙሶቹን በዋዜማው ስታስረክቡ እያንዳንዱ ላይ የውድድር ቁጥሩንና ኪሎ ሜትሩን በማይለቅ ቀለም ጻፉ። ሰባቱን በነጭ ፕላስተር፣ የ30ውን ብቻ በቀይ ጠቅልሉት። አምስት ጊዜ መንገዱን ለቆ ወጥቷልና እዚያ አካባቢ እግሩ በራሱ ወደ ዳር ያጋድላል። ጠረጴዛው ላይ ቀዩን ሲያይ ምን እንደሆነ ይወቅ፦ አንስቶ፣ ጠጥቶ፣ ወደ መንገዱ መሐል መመለስ። ይህንም ማርቆስ ላይ በዱካው አሠሩት፤ በእያንዳንዱ ረጅም ሩጫ የ30ው ጠርሙስ ቀይ ይሁን።