የጋራ ፕሮፖዛሉ ሦስተኛ ረቂቅ፦ አስተያየት እስከ ዓርብ ብቻ

ጸሐፊ
ሦስተኛው ረቂቅ ወጥቷል። ዓላማው ያው ነው። ትራንስጀንደር የሆኑና አካል ጉዳተኛ የሆኑ ክርስቲያኖች፣ ሁለቱንም የሆኑ ጭምር፣ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ አባል የሚያመልኩበት ኅብረት ይቋቋም ነው የምንለው። አንቀጽ 1 ላይ ተስማምተናል፦ ማንም ሳይጠየቅና እሺ ሳይል እጅ አይጫንበትም። ሁለቱ ማኅበራት የተገናኘነውም በዚሁ ቁስል ነው። አንዱን «ተነስና ሂድ» ይሉታል፣ ሌላዋን «ልቀቃት» እያሉ ይጮኹባታል። ለጋሾቹ ከዓርብ በኋላ አይጠብቁም። ያለፈውን የአዳራሽ ጉዳይ እዚህ አታንሱብኝ።

ገንዘብ ያዥ
አነሳዋለሁ። ያኔ ራምፕ ተሠራ ተብሎ ሂሳብ ተዘጋ፣ ዊልቸር ግን እስከ ዛሬ የሚወጣው በሰው ሸክም ነው። የደረጃው ከፍታ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። በተለመደው ልክ፣ ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት፣ 5 ሜትር ከ40 ራምፕ ይፈልጋል። ከፊቱ ያለው ቦታ 4 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ መታጠፍ አለበት፣ መታጠፊያው ላይ ደግሞ ዊልቸር የሚዞርበት ሜትር ተኩል በሜትር ተኩል ቦታ ያስፈልጋል። ረቂቁ ይሄን ሁሉ «ጥቃቅን እድሳት» ይለዋል። ጥቃቅን!

ባለ ዊልቸሩ
ገጽ 4ን ያነበበ አለ? አንድ ሽንት ቤት ብቻ ይሰፋና በሩ ላይ «ለሁሉም» ተብሎ ይለጠፋል ይላል። ለሁሉም ካላችሁ ሁሉም ይገባል። ዘማሪው ልብሱን እዚያ ይቀይራል፣ ስልክ የሚያወራው እዚያ ያወራል፣ እኔ በር ላይ እጠብቃለሁ። እናንተ ሌላ በር አላችሁ፣ እኔ የለኝም። የዊልቸር ምስል ብቻ ይለጠፍ።

የማለዳ ጸሎት
እኛ ሌላ በር አለን? የሴቶቹ ጋ ስገባ ምን እንደሚባል ታውቃለህ። የዊልቸር ምስል ያለበት ስገባ ደግሞ «አንተ ምን ሆነህ ነው?» ይሉኛል። አምልኮው እስኪያልቅ ውኃ ሳልጠጣ የምቀመጠው ለምን ይመስልሃል?

ባለ ዊልቸሩ
ወንድሜ፣ እኔም አልጠጣም።

የማለዳ ጸሎት
እህትህ ነኝ። ስንት ጊዜ ልናገር?

ባለ ዊልቸሩ
እሺ እህቴ። ነጥቤ ግን ያው ነው።

አልቶ
ለምን የመቀመጫውን ሥዕል ብቻ አንለጥፍም? ሰው የለ፣ ወንበር የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። እኔ እሠራዋለሁ፣ ዛሬ ማታ እልካለሁ።

ዝም አልልም
በቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሽንት ቤት መቀመጫ ሥዕል? እንኳን ለጋሽ እኔም አልፈርም።

አልቶ
በሽንት ቤቱ በር ላይ ነው ያልኩት!

ነጭ በትር
እኔ ዓይነ ስውርም ትራንስም ነኝ፣ ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ልናገር። የምትጣሉበት ምስል አይታየኝም። ብሬል ይኑረው፣ ከፍታው እጄ የሚደርስበት ይሁን፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን ሳሉ።

የኋላ ወንበር
አንድ ነገር ላስገባ። በግድግዳው ዙሪያ የሚዘረጋ ሉፕ የሚባል ሽቦ አለ፣ የማይኩን ድምፅ በቀጥታ ወደ መስሚያ መሣሪያችን ይልካል። ያለ እሱ ስብከቱን ግማሹን በግምት ነው የምሞላው። ረቂቁ ውስጥ የለም።

ዝም አልልም
ወደ ምስሉ እንመለስ። ቀለሙስ? ሰማያዊ ከሆነ አካል ጉዳተኛ ብቻ ነው የሚመስለው።

ጸሐፊ
ስለ በር ምስል ከዚህ በላይ ከተጻፈ እዘጋዋለሁ።

አዲስ አባል
እኔ አንቀጽ 1 ላይ ጥያቄ አለኝ። ሰው ከታመመ ብንጸልይለት ምን ክፋት አለው? ወንጌሉ ፈውስ አይደለም እንዴ?

ነጭ በትር
በርጠሜዎስ ዕውር እንደነበር ለማንም ግልጽ ነበር። ኢየሱስ ግን መጀመሪያ የጠየቀው ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ነው። ማርቆስ 10። እኔን አንዱ ታክሲ እየጠበቅሁ ዓይኔ ላይ መዳፉን ለጠፈብኝ፣ ስሜን እንኳ አልጠየቀም። ዓይኔ ሳይበራ ሲቀር ደግሞ እምነት የጎደለኝ እኔ ሆንኩ።

የማለዳ ጸሎት
«ከታመመ» ያልከው እኔን ከሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው 11ኛ የበሽታዎች ምደባ ትራንስጀንደር መሆን ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር ወጥቷል። ከመጽሐፉ ከፈለግህም ዘዳግም 23 ጃንደረባውን ከጉባኤ ያስወጣል፣ ኢሳይያስ 56 ግን በቤቱ ውስጥ ስም ይሰጠዋል። ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ይጠመቃል።

ዝም አልልም
ጃንደረባና ትራንስ አንድ አይደሉም።

የማለዳ ጸሎት
አንድ ናቸው አላልኩም። በር ላይ የሚቆመው ሰው ግን ሁለታችንንም በአንድ ዓይን ነው የሚያየን። አንተን ጨምሮ መሰለኝ።

ዝም አልልም
ስድብ ከሆነ ወጣሁ። የትራንስፖርቱንም ሥራ ሌላ ሰው ይያዘው።

ጸሐፊ
ማንም አይወጣም። ሁለታችሁም በውስጥ አናግሩኝ።

ዝም አልልም
ተነጋግረናል። አለሁ። ትራንስፖርቱን ግን አልችልም።

ገንዘብ ያዥ
ከለጋሾቹ ጋር አወራሁ። የሚታይና ፎቶ የሚነሳ ነገር ይወዳሉ። ሁለት ሽንት ቤት ብናደርገውስ? አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ተራ፣ ሁለቱም ለየብቻ የሚቆለፉ። የምስሉም ጭቅጭቅ ያበቃል። ገንዘቡን ከምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዋ ላይ እናመጣለን፣ በየሳምንቱ የነበረው በወር አንድ ጊዜ ይሆናል።

የኋላ ወንበር
መስማት የተሳናቸው በወር አንድ ጊዜ ይጸልዩ ማለት ነው? ስለ ሉፑም የመለሰልኝ የለም።

የማለዳ ጸሎት
ፓስተር ትሮይ ፔሪ በ1968 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ሜትሮፖሊታን ኮሚኒቲ ቸርችን፣ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን የሚቀበለውን ቤተ ክርስቲያን፣ ሲጀምር የመጀመሪያው አምልኮ ገዛ ቤቱ ውስጥ ነበር፣ በ12 ሰው። እኛ ሰዉ ሳይሰበሰብ ግንበኛ እየፈለግን ነው።

ባለ ዊልቸሩ
የሰው ቤት ደረጃ የለውም እንዴ? እኔ ከ12ቱ ውስጥ አልነበርኩም ማለት ነው።

ጸሐፊ
አልቶ፣ ሥዕሉስ?

ጸሐፊ
አልቶ?

ጸሐፊ
አራተኛው ረቂቅ ተያይዟል። ርዕሱ «የአዳራሽ ተደራሽነት እድሳት» ሆኗል። ራምፕ ከመታጠፊያው ጋር፣ ሁለት ሽንት ቤት፣ አስተርጓሚ በወር አንዴ። ሉፑ «ገንዘብ ከተረፈ» በሚለው ሥር ገብቷል።

ነጭ በትር
አንቀጽ 1 የት ሄደ?

ጸሐፊ
አባሪ 2። በበጀት የሚገለጽ ነገር ብቻ ፊት ይምጣ ተብሏል።

ነጭ በትር
እጅ አለመጫን ገንዘብ አይፈጅም።

ገንዘብ ያዥ
እኮ፣ ለዚያ ነው የማይገባው። ይልቅ የሽንት ቤቱን በር እስካሁን የለካ የለም። ሲከፈት ከ80 ሴንቲ ሜትር ከጠበበ ግድግዳው ይፈርሳል፣ ሂሳቡም ይቀየራል። እለካለሁ ያለው አልቶ ነበር። ሜትር ያለው ሰው ነገ ጠዋት ይደውልልኝ።