የሕዝብ ግጥም ስታጠና የኖረች ሴት እንዴት ፕሬዚዳንት ሆነች?

የዘጌ ልጅ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ዘጌ ላይ ቡና ስትለቅም የምታንጎራጉረውን፣ ልጅ ስታስተኛ የምትለውን እሹሩሩ ሁሉ እጽፋለሁ። ሦስት ደብተር ሞልቻለሁ። ታላቅ ወንድሜ ባየኝ ቁጥር «ይህ እንጀራ አይሆንም» ይለኛል። ሰሞኑን ስለ ላትቪያዋ ቫይራ ቪኬ-ፍሬይበርጋ አነበብሁ። የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ሆና «ዳይና» የሚባሉትን የአገሯን ባለ አራት ስንኝ የሕዝብ ግጥሞች ስታጠና የኖረች ናት። በ1998 ከካናዳ ተመለሰች፤ በ1999 ፕሬዚዳንት ሆነች (ዘመኑ በፈረንጆች ነው)። ከ50 ዓመት በላይ በስደት የኖረ ሰው እንዲህ በአጭር ጊዜ እንዴት ለዚህ ይበቃል? ወንድሜን አፉን የሚያስይዝ መልስ ስጡኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ግጥሙ ብቻውን አላስመረጣትም። እዚያ ፕሬዚዳንት የሚመርጠው 100 መቀመጫ ያለው ምክር ቤት ነው። የእኛዎቹም ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴን በ2011 ዓ.ም. የመረጡት በምክር ቤት አልነበር? በ1999 ፓርቲዎቹ የየራሳቸውን ዕጩ ይዘው ተፋጠጡ፤ ማንም 51 ድምፅ አላገኘም። በመጀመሪያው ዙር ስሟ እንኳ አልተነሣም። ኋላ ፓርቲ የሌላትን እሷን አመጡ፤ በ53 ድምፅ አለፈች። እስከዚህ ድረስ ዕድል ነው በይ። በ2003 ግን 88 ድምፅ ሰጧት። በ2004 አገሪቱ ኔቶም የአውሮፓ ኅብረትም ውስጥ ስትገባ መሪዋ እሷ ነበረች።

ማኅደር፦
መምህር፣ ግጥሙን አቃለሉት! ሪጋ ተወልዳ በጦርነቱ መጨረሻ በሕፃንነቷ ተሰደደች። ጀርመን የስደተኞች መጠለያ፣ ከዚያ ሞሮኮ፣ በ1954 ቶሮንቶ። ባንክ ቤት እየሠራች ማታ ትማር ነበር። ቋንቋው ባይጠበቅ ኖሮ ምን ይዛ ትመለስ ነበር? በኋላም የኮምፒውተር ምሁር ከሆነው ባሏ ጋር ስለ ፀሐይ የተገጠሙትን ዳይናዎች ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተዋል። ከእነሱ በፊት ክሪሽያኒስ ባሮንስ ግጥሞቹን በትንንሽ ወረቀት እየጻፈ በመሳቢያ አኑሯቸው ነበር፤ ያ ቁም ሣጥን በ2001 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እህቴ፣ ማን እንዳለችው፣ የት፣ ምን እየሠራች እንደሆነ ከየግጥሙ ሥር ጻፊ።

የዘጌ ልጅ፦
መምህር፣ ማኅደር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእናቴን ስም እንኳ አንድም ቦታ አልጻፍሁትም ነበር፤ ዛሬ ማታ ከመጀመሪያው ደብተር እጀምራለሁ። ወንድሜ ግን ሁሉንም አንብቦ ከመካከሉ ያገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አየሽ፣ እሷም መጀመሪያ ባንክ ተቀጥራለች» አለኝ።